ጎጆው ታደሰ፣ ባለቤቱስ? ቱሪዝም የወሎን ጥንታዊ መንደሮች ሲያድስ

በላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ የቆሙትን ክብ የድንጋይ ቤቶች ያየ ሰው ቶሎ አይረሳቸውም። ግድግዳቸው በጭቃ የተያያዘ ቀይ ድንጋይ ነው፤ በውጭ በኩል ወደ ደርቡ የሚያወጣ የድንጋይ ደረጃ አላቸው፤ ክዳናቸው ሣር ነው። ታችኛው ክፍል ለዕቃ ወይም ለከብት፣ ላይኛው ለሰው ነበር። ዩኔስኮ ላሊበላን ለዓለም ሲያስተዋውቅ ከአሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት ጋር እነዚህን የላስታ ጎጆዎችም ያነሳል። ከመካከላቸው ለቅርስነታቸው ተብለው እንዲቆዩ የተደረጉ፣ ግድግዳቸው የተጠገነና ክዳናቸው የታደሰ አሉ። ይኖሩባቸው የነበሩት ቤተሰቦች ግን ከቦታው ከተነሡ ዓመታት አልፈዋል።

ይህን ነገር በዝምታ ማለፍ አይቻለኝም። በአንድ ታሪካዊ መንደር ውስጥ የሚኖር ሰው የቅርሱ ጠባቂ መሆኑ ተረስቶ የቅርሱ ችግር ተደርጎ ሲታይ፣ እድሳቱ ድንጋዩን ያተርፍና መንደሩን ያጣል። ጉዳዩ የአንድ ከተማ የቆየ ቅሬታ ብቻ እንዳይመስል፤ በወሎ ሌሎች ጥንታዊ መንደሮችም የቱሪዝም ዓይን እያረፈባቸው ነው።

የቀድሞዋ ሮሃ፣ የዛሬዋ ላሊበላ፣ ከአብያተ ክርስቲያናቱ ጎን ለብቻዋ የበቀለች ከተማ አይደለችም፤ አብራቸው አድጋለች። ካህናቱ ሌሊት ለሰዓታትና ለማኅሌት ይነሣሉ፤ ስለዚህ ቤታቸው ቅርብ መሆን ነበረበት። የቆሎ ተማሪው ቁራሽ የሚለምንበት ደጅ ያስፈልገዋል። መነኩሴው፣ ባሕታዊው፣ ጠበል ብሎ የመጣው በሽተኛ፣ ከሩቅ አገር በእግሩ የመጣው ተሳላሚ፣ ሁሉም የሚያርፍበት ጣሪያ ይሻል። ጧፍ የምትሸጠው፣ እንጀራ የምትጋግረው፣ ጠላ የምትጠምቀው እናት ገበያዋ ደጃፏ ላይ ነበር። በቤተ መቅደሱ በር ጫማ እየጠበቀ የዕለት ጉርሱን የሚያገኝ ልጅም ከዚያው ሰፈር ይወጣል። ቤትና ሥራ፣ ሥራና ጸሎት የማይነጣጠሉበት ሰፈር ነበር።

በታኅሣሥ 29 ቀን ይህ ሁሉ ጎልቶ ይታያል። የጌታ ልደትና የንጉሡ የቅዱስ ላሊበላ ልደት በአንድ ቀን ስለሚከበሩ ሕዝቡ ከየአቅጣጫው ይጎርፋል። በቤተ ማርያም ዙሪያ ማሜ ጋራ በሚባለው የዐለት አፋፍ ላይ የቆሙት ካህናትና ከታች በግቢው ያሉት እየተቀባበሉ ቤዛ ኩሉን ያዜማሉ። ተሳላሚው ከመድረሱ ነዋሪው እግሩን ያጥበዋል፣ ያበላዋል፣ ያሳድረዋል። በዶላር የማይለካ፣ ከሆቴል በፊት የነበረ፣ ከሆቴልም በኋላ ያልጠፋ የእንግዳ አቀባበል ነው። ጎብኚው ሊያየው የሚመጣውን ላሊበላ ሕያው የሚያደርገው ይህ ነው፤ የሚያከናውኑትም አስጎብኚ ድርጅቶች ሳይሆኑ በዙሪያው የሚኖሩት ሰዎች ናቸው።

ነዋሪዎቹ ለምን እንዲነሡ ተወሰነ? ምክንያቱን በቅንነት መስማት ያስፈልጋል፤ ባዶ ሰበብ አልነበረምና። አብያተ ክርስቲያናቱ ከመሬት በታች የተፈለፈሉ በመሆናቸው የዙሪያው ውሃ ሁሉ ወደ እነሱ ያዘነብላል። ጥንት ሲፈለፈሉ የጎርፍ መውረጃ ቦዮችም አብረው ተቆፍረው ነበር። ከዘመን ብዛት ብዙዎቹ በአፈርና በቆሻሻ ሲደፈኑ እርጥበቱ ወደ ዐለቱ ይሰርጋል፤ ለስላሳው ዐለትም ይሰነጠቃል፣ ይፈረፈራል። በዚያ ላይ ሰፈሩ ተጨናንቋል፣ መጸዳጃ የለውም፣ ፍሳሹ መሄጃ የለውም፣ የሣር ክዳን እሳት ቢነሣበት ማቆሚያ የለውም። ላሊበላ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ስትመዘገብ በቅርሱና በከተማው መካከል በግልጽ የተከለለ ወሰን አልነበረም። ይህ ክፍተት በኋላ የብዙ ግምገማና የብዙ ማሳሰቢያ ርዕስ ሆነ። በመጨረሻ በ2001 ዓ.ም. የጸደቀው፣ በዓለም ባንክ የተደገፈው የዘላቂ ቱሪዝም ልማት ፕሮጀክት አዲስ አበባን፣ አክሱምንና ላሊበላን ሲያቅፍ፣ በላሊበላ ከአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ነዋሪዎችን አንሥቶ በሌላ ቦታ ማስፈር የሥራው አካል ሆነ። ብዙ መቶ ቤተሰቦች ኩራኩር ወደሚባለው አዲስ ሰፈር ሄዱ።

ስለ መነሣቱ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ከመነሣቱ በፊት የነበረው ዘመን ነው። በቅርሱ ክልል ውስጥ መገንባት ተከለከለ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረትም የቅርስ እድሳት የሚካሄደው በሚመለከተው ባለሥልጣን ፈቃድ ነው። ሕጉ ለጥበቃ ጥሩ ነው። ነገር ግን ነገ ትነሣለህ የተባለ ሰው ዛሬ ቤቱን አይጠግንም። ዝናብ ያፈሰሰውን ክዳን በላስቲክ ይሸፍነዋል። ልጁ ሲያገባ ለጎጆ መውጫ ክፍል አይጨምርለትም። ብድር አይጠይቅም፣ ችግኝ አይተክልም። ወር ዓመት ይሆናል፣ ዓመት ዓመታትን ይወልዳል፣ ሰፈሩ በዓይን እያዩት ይጎሳቆላል። ከዚያ ባለሙያ ይመጣና የሰፈሩን መጎሳቆል ለማንሣት እንደ ምክንያት ይጽፈዋል። እንዳይጠግን የታገደ ሰው ባለመጠገኑ ሲወቀስ ከዚህ የባሰ ግፍ ምን አለ? በእኔ እምነት ከመነሣቱ ይልቅ መጠበቁ ብዙ ቤተሰብ ጎድቷል። ወደፊት በማንኛውም ታሪካዊ መንደር እድሳት ሲታሰብ ለሕዝቡ ከሁሉ በፊት ሊሰጠው የሚገባው ቀን ነው፤ ማን እንደሚነሣ፣ መቼ እንደሚነሣ፣ እስከዚያ ድረስ ምን መጠገን እንደሚችል።

ቀጥሎ ካሳው ይመጣል። በጊዜው የነበረው አዋጅ ቁጥር 455/1997 ካሳን የሚያሰላው በዋናነት በመሬቱ ላይ ለሰፈረው ንብረት ነበር፤ ግድግዳው፣ ክዳኑ፣ አጥሩ፣ ዛፉ። መሬቱ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ ዋጋው አይቆጠርም። ምትክ ቦታ ግን ይሰጣል። በወረቀት ላይ የተስተካከለ ስሌት ይመስላል። ከቤተ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረ የጭቃ ቤትና ከከተማ ዳር ያለ የጭቃ ቤት ግን በስሌቱ እኩል ድንጋይና እኩል እንጨት ናቸው፤ በኑሮው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። የመጀመሪያው ቤት ተሳላሚ ያሳድር ነበር። ጠላው በዚያው ይሸጥ ነበር። አረጋዊቷ እናት ምርኩዛቸውን ይዘው ኪዳን ለማድረስ ጥቂት እርምጃ ይበቃቸው ነበር። ይህን የሚቆጥር መስመር በካሳ ቅጹ ላይ አልነበረም። በኪራይ ክፍል የሚኖረው ደግሞ የሚቆጠርለት ንብረትም የለው።

ወሎ ውስጥ የኖረ ሰው ቅሬ ምን እንደሆነ ያውቃል። ሌላው አገር ዕድር የሚለው ነው። ሞት ሲመጣ ድንኳን የሚተክለው፣ ውሃ የሚቀዳው፣ ንፍሮ የሚቀቅለው፣ ሐዘንተኛውን ሌሊቱን ሁሉ ከቦ የሚያድረው ጎረቤት ነው። ማኅበሩና ሰንበቴውም እንዲሁ በሰፈር የተሰፉ ናቸው። ሰፈር ሲበተን እነዚህ ሁሉ ይላላሉ። በተራው የማኅበሩን ጽዋ የሚያነሣው ሰው አሁን የከተማው ሌላ ጫፍ ላይ ነው። አዲሱን ሰፈር የሚጋራው ጎረቤት ገና ቅሬ አልመሠረተም። እነዚህን ነገሮች ኢትዮጵያዊ ሕግ ቆይቶም ቢሆን አይቷቸዋል። አዋጅ ቁጥር 455/1997ን የተካው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥና ለሥነ ልቦና ጉዳት የሚከፈል ካሳን፣ እንዲሁም ለሚቋረጥ ገቢ የሚሰጥ ካሳን በግልጽ አስገብቷል። የላሊበላ ሰፈሮች ግን ከዚህ አዋጅ ቀድመው ተነሥተዋል። ዛሬ ሕጉ ጉዳት ብሎ የሚጠራውን ነገር እነሱ ያለ ስም ተሸክመውታል።

ለፍርድ ያህል ሌላውንም ገጽ ማየት ተገቢ ነው። የራሱ ይዞታ ኖሮት የማያውቅ ተከራይ ቦታ ማግኘቱ፣ በተጨናነቀ ግቢ ይኖር የነበረ ሰው ለቀቅ ያለ ግቢና መጸዳጃ ማግኘቱ ትንሽ ነገር አይደለም። ወጣቱ በአዲሱ ሰፈር ሱቅ ከፍቶ፣ ቤት ጨምሮ ሊኖር ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዱት ሽማግሌዎች፣ ካህናትና በቤታቸው ውስጥ የሚነግዱ ሴቶች ናቸው። ሌሊት ለአገልግሎት የሚነሣ ካህን መንገዱ ሲረዝምበት ወይ በቤተ ክርስቲያኑ አቅራቢያ ማደሪያ ይፈልጋል፣ ወይ አገልግሎቱን ይቀንሳል። የቤት ነጋዴዋ ገበያዋን ፍለጋ ዕቃዋን ተሸክማ ትወርዳለች፤ ለነበራት ነገር አሁን የመንገድ ዳር ሻጭ ሆና ከደንብ አስከባሪ ጋር ትጋፋለች። እድሳት ለሁሉም እኩል ሆኖ አያውቅም፤ በማን ላይ እንደከበደ ለይቶ ማወቅ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ነዋሪውን በቅርሱ ላይ አደጋ አድርጎ የቆጠረው አስተሳሰብ ምን ያህል ሚዛኑን እንደሳተ የሚያሳየኝ የብረት ጥላዎቹ ታሪክ ነው። ከዝናብ ለመከላከል በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ በአምስት አብያተ ክርስቲያናት ላይ የተተከሉት ግዙፍ ጥላዎች በ2000 ዓ.ም. ሲጠናቀቁ ጊዜያዊ ናቸው ተብሎ ነበር። ዓመታት ነጎዱ። ነፋስ ሲነሣ ብረቱ ሲንቋቋ የሚሰማው፣ ምሰሶዎቹ በቆሙበት መሬት ላይ ሥጋት የሚያድርበት፣ ቢወድቁስ ብሎ እንቅልፍ የሚያጣው እዚያው የሚኖረው ሰው ነበር። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ የላሊበላ ሕዝብ በብዛት ሰልፍ ወጥቶ ቅርሳችንን አድኑልን አለ። በዚያው ዓመት መጋቢት የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ኢማኑኤል ማክሮን ላሊበላን ጎበኙ፤ አገራቸውም ለጥበቃው ድጋፍ እንደምታደርግ ገለጹ። ከዚያ በኋላ የተጀመረው ጥናትና የጥገና ሥራ መነሻው የነዋሪው ጩኸት ነው። ለቅርሱ ሥጋት ተብሎ ዘወር እንዲል የተደረገው ሕዝብ ለቅርሱ በአደባባይ የቆመ ሕዝብ ሆኖ ተገኘ። ይህን ሰልፍ እንደ ፖለቲካ ግርግር ያዩት ነበሩ። እኔ ግን በአገራችን ቅርስ ጥበቃ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ቦታ ሊሰጠው የሚገባ ቀን አድርጌ አየዋለሁ።

ገንዘቡስ ወዴት ይሄዳል? የውጭ ጎብኚ አብያተ ክርስቲያናቱን ለማየት ለብዙ ዓመታት 50 ዶላር ሲከፍል ኖሯል። ክፍያውን የምትሰበስበው ቤተ ክርስቲያኒቱ ናት፤ ለአገልጋዮቿ ኑሮና ለአስተዳደሯ ታውለዋለች። ቤተ መቅደሱ የቱሪስት መዝናኛ ከመሆኑ በፊት የጸሎት ቤት ነውና በዚህ አልከራከርም። ሌላው ገንዘብ በአውሮፕላን ትኬት፣ በሆቴል፣ መቀመጫቸውን አዲስ አበባ ባደረጉ አስጎብኚ ድርጅቶች በኩል ያልፋል። ሆቴሎቹ ሸለቆውን ቁልቁል በሚያሳዩ የገደል አፋፎች ላይ ተደርድረዋል። የከተማዋ የውሃ እጥረት የቆየ ነው። ሆቴሉ ማጠራቀሚያ ታንከር አለው፣ ሲያልቅበትም ያስቀዳል። ቤተሰቡ ጀሪካን ደርድሮ ተራ ይጠብቃል። እድሳት ከተማዋን ለውጧል ሲባል የምሰማውን ሰው አንድ ነገር ብቻ እጠይቀዋለሁ፤ ውሃ በስንት ቀን አንዴ ይመጣል?

ለነዋሪው የሚደርሰው ሥራ ነው። አስጎብኚነት፣ የሆቴል አስተናጋጅነት፣ በቅሎ ማከራየት፣ መስቀልና ጥልፍ መሸጥ፣ ጫማ መጠበቅ። ብዙ ቤተሰብ በዚህ ኖሯል፣ ልጆቹንም አስተምሯል። ብዙ ወጣት እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ ያወቀው በመጽሐፍ ሳይሆን በመንገድ ላይ ነው። ነገር ግን ከተማዋ በአንድ እግር የቆመ በርጩማ ሆነች። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና አውሮፕላኑን ሲያስቆም የሁሉም ገቢ በአንድ ጊዜ ደረቀ። ገና ሳያገግም ከሐምሌ 2013 ማብቂያ ጀምሮ ከተማዋ በጦርነቱ ተያዘች፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስም ከእጅ ወደ እጅ ተፈራረቀች። መብራት የለም፣ ስልክ የለም፣ ባንክ የለም። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ደግሞ ክልሉን ያዳረሰው ግጭት ላሊበላን ዳግመኛ አገኛት። ለቱሪዝም ሲባል እርሻውን የተወ፣ ከብቱን የሸጠ፣ ብድር ወስዶ የእንግዳ ማረፊያ የሠራ ሰው መመለሻ አጣ። ያም ሆኖ የገና ተሳላሚ ሙሉ በሙሉ አልተቋረጠም። ነጠላውን ለብሶ፣ በሶውን ቋጥሮ በእግሩ የሚመጣው የገጠር ሰው በክፉው ዘመንም ከተማዋን አልተዋትም። የቱሪዝም ዕቅዶች ሁሉ የሚጻፉት ግን ለባለዶላሩ ነው። ለተሳላሚው መጸዳጃ፣ ንጹሕ ውሃ፣ ጥላ ያለው ማረፊያ ማዘጋጀት የቱሪዝም ልማት ተብሎ ሲቆጠር የማየው ከስንት አንዴ ነው።

ከላሊበላ ወደ ደቡብ ምዕራብ መቄት አለ። እዚያ በገደሉ አፋፍ በመቋት ማርያም፣ በዋጀላና በሌሎች ጎጦች ከ1996 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ተስፋ በተባለው የማኅበረሰብ ቱሪዝም ውጥን ገበሬዎቹ ራሳቸው እንግዳ ማስተናገድ ጀመሩ። ጎጆዎቹ የተሠሩት በአካባቢው ድንጋይ፣ ጭቃና ሣር፣ በአካባቢው ሰው እጅ ነው። ባለቤቱ ማኅበረሰቡ ነው። ምግብ የሚያበስሉት፣ አህያ የሚጭኑት፣ መንገድ የሚመሩት የመንደሩ ሰዎች ናቸው። እንግዳው በእግሩ ከመንደር መንደር ይሄዳል፤ በአንድ ጊዜ የሚመጡትም ጥቂት ናቸው። ገቢው ወደ ጋራ ካዝና ገብቶ እንዴት እንደሚውል በኮሚቴያቸው ይወስናሉ።

መቄትን ከላሊበላ የሚለየው ዋና ነገር የመሬቱ ጉዳይ ነው ብዬ አምናለሁ። የመቄት ገበሬ እንግዳ ስለመጣ ከማሳው አልተነሣም። ገብሱን ይዘራል፣ በጉን ያረባል፣ እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ያስተናግዳል። ቱሪዝም ለእሱ የተጨመረ ገቢ ነው፤ ሲቋረጥ ይጎዳዋል እንጂ አያራቁተውም። በ2014 ዓ.ም. ጋሸና አካባቢ ከባድ ውጊያ ሲካሄድ መቄትም ዋጋ ከፍሏል፤ ጦርነት ለማንም አይመለስም። ቢሆንም ማሳው ከእጁ ያልወጣ ገበሬ ሰላም ሲመጣ የሚጀምርበት መሬት አለው። እርግጥ ነው፣ የመቄት መንገድ ለላሊበላ በሙሉ አይሆንም። ጥቂት እንግዳ የሚያስተናግድ የገደል አፋፍ ጎጆና የዓለም ቅርስ የታቀፈ ከተማ አንድ አይደሉም። ግን ባለቤትነት የማን ነው የሚለው ጥያቄ በሁለቱም ቦታ አንድ ነው።

አሁን ወደ ሾንኬ ልሂድ፤ እዚያ ገና የሚወሰን ነገር አለና። ሾንኬ ከከሚሴ ወጣ ብሎ በኮረብታ አናት ላይ የተቀመጠ ጥንታዊ የአርጎባ መንደር ነው። የድንጋይ ቤቶቹ ተደጋግፈው እንደ ምሽግ ከኮረብታው ጋር ተጣብቀዋል። ሽማግሌዎቹ ዕድሜው ዘጠኝ መቶ ዓመት ይሆናል ይላሉ። ሾንኬ የእስልምና ትምህርት ማዕከልም ነው፤ የሾንኬው ሼህ ጀውሀር ስም በወሎ ሙስሊም ዘንድ በአክብሮት ይነሣል። ላሊበላ ላይ ነዋሪው እንዲወጣ የተደረገው በውሳኔ ነው። ሾንኬ ላይ ግን ማንም ሳያስወጣው ሰው ቀስ በቀስ ወርዷል። ውሃው ታች ነው፣ እርሻው ታች ነው፣ መንገዱና ትምህርት ቤቱም ታች ናቸው። ሴቶች በዚያ ዳገት ውሃ ሲያመላልሱ ዕድሜያቸውን ጨርሰዋል። ወጣት ባልና ሚስት ታች ጎጆ ቢወጡ ማን ይፈርድባቸዋል? ላይ የቀሩት ጥቂት ቤተሰቦች ናቸው። ሰው የማይኖርበት የድንጋይና የአፈር ጣሪያ ቤት ደግሞ ቶሎ ይደረመሳል፤ ጣሪያው በየዓመቱ መደምደም፣ ግድግዳው መመረግ አለበት፤ ያን የሚያደርገው ነዋሪ ነው።

በቅርብ ዓመታት ሾንኬን የሚያዩ፣ የሚያስተዋውቁ፣ ፎቶግራፉን የሚያሠራጩ ሰዎች በዝተዋል። ደስ ይላል። ነገር ግን በመጀመሪያ የሚመጣው ገንዘብ ምን ይሠራበታል? የጎብኚ መቀበያ ይታነጽበት ይሆን? የመኪና ማቆሚያ? ማስታወቂያ? እኔ ብጠየቅ ውሃ ነው የምለው። ውሃ ወደ ኮረብታው ከወጣ ሰው አይወርድም፤ የወረደውም ሊመለስ ይችላል፤ ሰው ካለ ቤቱ ይቆማል። ይህን ለማለት ታላቅ ጥናት አያስፈልግም፤ የመንደሩን እናቶች ጠጋ ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ሾንኬ ደግሞ የጸሎትና የዱዓ መንደር ነውና ጎብኚ መቼ ይገባል፣ የት ድረስ ይገባል፣ ማንን ፎቶ ያነሣል የሚለውን መወሰን ያለባቸው ሽማግሌዎቹና እናቶቹ ናቸው። ይህ መብት ትኬት መሸጥ ከመጀመሩ በፊት በጽሑፍ ሊረጋገጥላቸው ይገባል፤ አንዴ ትኬት ከተቆረጠ በኋላ እምቢ ማለት ከባድ ነውና።

በሐይቅ ደግሞ ነገሩ በሰፊው ተጀምሯል። በተሁለደሬ የምትገኘው የሎጎ ሐይቅ ዳርቻ በገበታ ለትውልድ መርሐ ግብር ከሚለሙት ቦታዎች አንዷ ሆናለች። እስጢፋኖስ ገዳሙ፣ ዓሣ አጥማጁ፣ በታንኳ ሰው የሚያሻግረው፣ በዳርቻው አትክልት የሚያለማው ገበሬ፣ ሁሉም ኑሮው ከውሃው ጋር የተሳሰረ ነው። ዘመናዊ ሎጅ መሠራቱ ለአካባቢው ሥራ ያመጣል። የምሠጋው ወደ ዳርቻው የሚያደርሰው መንገድ ለሎጁ እንግዳ ተከፍቶ ለዓሣ አጥማጁ እንዳይጠብ ነው። አዋጅ 1161/2011 ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ለሚነካ ሰው የሚቋረጥ ገቢውና የሚበጠስ ማኅበራዊ ኑሮው ሊቆጠርለት ይገባል። የቀበሌውም ሆነ የወረዳው ሰው ይህን አንቀጽ ለነዋሪው በሚገባው ቋንቋ ሊያስረዳው ግዴታ አለበት። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 44 በመንግሥት መርሐ ግብር ኑሮው የተነካበት ሰው በገንዘብ ወይም በሌላ አማራጭ ተመጣጣኝ ካሳ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። መብቱን የማያውቅ ሰው የሰጡትን ይፈርማል።

ወደ ላሊበላ ልመለስ፤ ያለፈው አልፎ የሚስተካከል ነገር ግን ስላለ። በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ታድሰው የቆሙት ጎጆዎች ባዶ ሊሆኑ አይገባም። ኩራኩር ለሄዱ ቤተሰቦች ቅድሚያ ተሰጥቶ በረጅም ጊዜ ውል ሊመለሱባቸው ይችላሉ። ሁሉም መኖሪያ ሆነው የቀድሞው መጨናነቅ ይመለስ አልልም። አንዳንዱ የካህናት ማደሪያ ይሁን፤ ሌሊት ለአገልግሎት የሚነሣው አባት እንዲያርፍበት። አንዳንዱ የእናቶች ቡና ማፊያና እንጀራ መጋገሪያ ይሁን። አንዳንዱ ተሳላሚ የሚያድርበት፣ አንዳንዱ የቆሎ ተማሪ የሚጠለልበት። የፍሳሽ መስመርና የጋራ መጸዳጃ ከተሠራ ቅርሱን የሚጎዳ ነገር የለውም፤ እንዲያውም ጭስ የሚያገኘው የሣር ክዳን ከባዶው ክዳን ይልቅ ዕድሜ አለው። ማን እንደሚገባ የሚወስነው ኮሚቴ ደግሞ ከማዘጋጃ ቤቱና ከቤተ ክርስቲያኒቱ ጋር ከተነሡት ሰፈሮች የተመረጡ ሰዎች ያሉበት፣ ከእነሱም ሴቶች ያሉበት መሆን አለበት፤ በቤቷ ስትነግድ የኖረችው እናት የምታውቀውን ሌላ ማንም አያውቅላትምና።

የጥገናው ሥራም እንዲሁ ነው። የብረት ጥላዎቹ መነሣታቸው፣ የዐለቱ ስንጥቅ መደፈኑ፣ የጥንቶቹ የውሃ ቦዮች መጠረጋቸው ዓመታት የሚወስድ ሥራ ነው። ከጥገናው በኋላም ቦዮቹ በየክረምቱ መጽዳት፣ ክዳኖቹ በየጥቂት ዓመቱ መታደስ አለባቸው። ይህን የሚሠሩ እጆች ከከተማው ሊወጡ ይችላሉ። የኩራኩር ወጣቶች በድንጋይ ጥገና፣ በጭቃ ሥራ፣ በሣር ክዳን ሠልጥነው ቋሚ ደመወዝ ያላቸው የቅርሱ ሠራተኞች ይሁኑ። የእድሳት ገንዘብ ሲመጣ ከውሉ የተወሰነው ክፍል ለዚህ እንዲውል በግልጽ ይጻፍ፤ የተቀጣሪዎቹ ዝርዝርም በቀበሌው ጽሕፈት ቤት በር ላይ ይለጠፍ።